ከመኪና መግቢያ ሥር የሚያልፍ የፍሳሽ ቱቦ፦ ጭነቱ ስንት ሆኖ ይደርሰዋል?

ጠባሴ ማዶ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ብርሃን ላይ የአንድ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ግንባታ እከታተላለሁ። አባላቱ ሃያ አራት አባወራዎች ናቸው። የሁሉም ቤት ፍሳሽ በአንድ መስመር ተሰብስቦ በግቢው ታችኛው ጥግ ወደተሠራው የጋራ ሴፕቲክ ታንክ ይገባል። ታንኩ ተሠርቶ አልቋል። የመግቢያው ወለል ከመሬት በታች 1 ሜትር ላይ ስለሆነ ከእንግዲህ ዝቅ ማድረግ አይቻልም። መስመሩ ከታንኩ 20 ሜትር ርቀት ላይ የመኪና መግቢያውን ያቋርጣል። በ1 በመቶ ተዳፋት ስመጣ መግቢያው ሥር የቱቦው ወለል 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ቱቦው ባለ 200 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ስለሆነ ከራሱ በላይ የሚቀረኝ አፈር 60 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው።

አፈሩን የምታውቁት ነው፤ ዋልካ። በግንቦት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ፣ በሐምሌ ጫማ የሚያስቀር ጭቃ። በዚህ መግቢያ ድንጋይና አሸዋ የጫነ ሲኖትራክ ይመላለሳል። ግንባታው ካለቀም በኋላ ታንኩን የሚመጥጠው ቦቴ ባዶውን ገብቶ ሞልቶ የሚወጣው በዚያው ነው።

ጭነቱን እንዲህ አሰላሁት፦ ተጭኖ 30 ቶን የሚመዝን መኪና፣ ርዝመቱ 8 ሜትር፣ ስፋቱ 2.5 ሜትር፣ የሚያርፍበት 20 ካሬ ሜትር። 300 ኪሎ ኒውተን ለ20 ሲካፈል 15 ኪሎ ፓስካል። የአፈሩ ክብደት 18 × 0.6 = 10.8 ኪሎ ፓስካል። ድምሩ 26 ገደማ። ይህ ለቱቦው ቀላል ይመስለኛል። የማኅበሩ ሰብሳቢ ግን «ላስቲክ ቱቦ ሲኖትራክ አይሸከምም፤ በኮንክሪት ይጀቦን» ብለው ይዘውኛል። ፎርማኑም ከእሳቸው ጋር ቆሟል።

የተገዛው ቱቦ ኤስ ኤን 4 ነው (ኤስ ኤን የቱቦው የግትርነት ደረጃ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቱቦው ይጠነክራል)። ስሌቴ ልክ ነው? ኮንክሪቱስ ያስፈልጋል? ወይስ ቱቦውን በኤስ ኤን 8 ብቀይረው ይሻላል? የቦዩ ስፋት 60 ሴንቲ ሜትር ነው።

---

የጣርማበር ልጅ

ሰብሳቢው ትክክል ናቸው። እኛ ዘንድ ቁፋሮው አለት ስለሚሆን ጥልቀት የሚባል ነገር አይገኝም፤ ሁሉንም በኮንክሪት ጀቡነን እናልፋለን። እስከ ዛሬ የመጣብን የለም። ስሌቱን ተወውና ሲሚንቶህን ግዛ።

---

ዋልካ መርማሪ

ጠባሴ ማዶ ወንድሜ፣ ሰብሳቢው እርሳስ ሳያነሡ ከአንተ ይልቅ ለእውነቱ ቀርበዋል። መድኃኒታቸው ግን ሌላ በሽታ ያመጣል። የጣርማበሩ ወንድማችን አለት ላይ ቆሞ ስለሚናገር አልፈርድበትም፤ አለት አይንቀሳቀስም። አንተ ያለኸው ዋልካ ላይ ነው።

ከጭነቱ እንጀምር። መኪና እንደ ጆንያ መሬት ላይ አይዘረጋም። ክብደቱን የሚያወርደው በጎማ ነው። ቱቦህ የሚያውቀው የመኪናውን ጠቅላላ ክብደት ሳይሆን በላዩ የቆመውን አንድ ጥንድ ጎማ ነው። 30 ቶኑን ለ20 ካሬ ሜትር ስታካፍል በአክስሎቹ (ጎማ በሚሸከሙት ዘንጎች) መካከል ያለውን ባዶ ቦታ ሁሉ ጭነት ተሸካሚ አደረግኸው። አየር ግን አይሸከምም።

የመንገዶች ባለሥልጣን በ2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ያወጣው የድልድይ ዲዛይን መመሪያ፣ ከአሜሪካኖቹ በወረሰው መሠረት፣ ለንድፍ የሚወስደው መኪና ከባዱ አክስል 145 ኪሎ ኒውተን ነው። ግማሹ በአንድ በኩል ባለው ጥንድ ጎማ ያርፋል፤ 72.5 ኪሎ ኒውተን። ጥንዱ ጎማ መሬት የሚነካበት ቦታ 25 በ51 ሴንቲ ሜትር ነው ተብሎ ይወሰዳል። ጭነቱ ወደ ታች ሲወርድ ይሰፋል፤ በተለመደው አሠራር የጥልቀቱ 1.15 እጥፍ በርዝመቱም በስፋቱም ላይ ይጨመራል። በአንተ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ጭማሪው 69 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ ጎማው ቱቦው ራስ ላይ ሲደርስ 94 በ120 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ተዘርግቷል፤ 1.13 ካሬ ሜትር።

72.5 ÷ 1.13 = 64 ኪሎ ፓስካል።

አላለቀም። መኪናው ቆሞ አይጠብቅህም፤ ጉድጓድ ሲገባ ይመታል። የዚህ የምት ጭማሪ መሬቱ ገጽ ላይ 33 በመቶ ሆኖ ይጀምርና እየጠለቁ ሲሄዱ እየቀነሰ 2.4 ሜትር አካባቢ ይጠፋል። በ60 ሴንቲ ሜትር 25 በመቶ ነው። 64 × 1.25 = 80 ኪሎ ፓስካል። ያንተ 15 የት፣ ይህ 80 የት። አፈሩን ጨምረህ ቱቦው ራስ ላይ 91 አለ።

ጥልቀቱን እየቀያየርህ ይህንኑ ስሌት በወረቀት ሥራው፤ ከማንኛውም መጽሐፍ የበለጠ የሚያስተምርህ እሱ ነው። በ30 ሴንቲ ሜትር ሽፋን መኪናው ብቻውን 184 ኪሎ ፓስካል ያወርዳል። በ90 ሴንቲ ሜትር 44 ይሆናል። በ1.2 ሜትር የግራና የቀኝ ጎማዎች ጭነት ተገናኝቶ ስለሚደራረብ አክስሉን በሙሉ ትወስዳለህ፤ እንዲያም ሆኖ 28 ብቻ ነው። ከዚያ በታች መኪናው እየተረሳ አፈሩ ራሱ ይከብዳል። ድምሩ በ1.5 ሜትር አካባቢ ከሁሉ ዝቅ ብሎ 48 ይደርስና በ3 ሜትር ተመልሶ 61 ይሆናል። ብዙ አገሮች ተለጣጭ ቱቦ ከመንገድ ሥር ቢያንስ 90 ሴንቲ ሜትር ይቀበር የሚሉት ከዚህ ተነሥተው ነው፤ ሽፋኑ ከ90 ሲያንስ የምትጎድለው እያንዳንዷ አሥር ሴንቲ ሜትር እጅግ ውድ ናት።

አሁን ወደ ቱቦው። ፒቪሲ ተለጣጭ ነው። እንደ ኮንክሪት ቱቦ ተሰንጥቆ አይሞትም፤ ይጠፈጠፋል። ከላይ ሲጫኑት ወደ ጎን ይወጣል፣ ወደ ጎን ሲወጣ የጎን አፈሩ ይይዘዋል። አፈሩ ከያዘው ይኖራል፤ ካልያዘው ይጨፈለቃል። ስፓንግለር የሚባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1941 ያወጣው፣ በኋላ ከዋትኪንስ ጋር የተሻሻለው ቀመር ይህንን ነው የሚለው። በቀላል አማርኛ፦ ላይ ላይ የአፈሩን ጭነት ለጊዜ ብዛት በ1.5 አባዝተህ የመኪናውን ጨምርበት፤ ድምሩን በ0.1 አባዛ። ታች ላይ የቱቦውን የኤስ ኤን ቁጥር በ8 አባዝተህ የአፈሩን ሞዱለስ (አፈሩ ሲገፉት ምን ያህል እንደሚጸና የሚናገር ቁጥር፣ በኪሎ ፓስካል) በ0.061 አባዝተህ ጨምርበት። ላዩን ለታቹ አካፍል፤ የሚወጣው የመጠፍጠፉ መጠን ነው። ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ትፈልጋለህ።

ያንተን ልሥራልህ። ላዩ፦ 10.8 × 1.5 = 16፤ 80 ሲጨመር 96፤ በ0.1 ሲባዛ 9.6።

ታቹ ላይ ነው ጉዳዩ ያለው። የተቆፈረውን ዋልካ መልሰህ ሞልተህ በመጠኑ ብትጠቀጥቀው ሞዱለሱን 1.4 ሜጋ ፓስካል ማለት ቸርነት ነው፤ የቀመሩ ሰንጠረዦች እንዲህ ያለውን የሚያብጥ ሸክላ ጭራሽ ከዝርዝራቸው አውጥተውታል። ቸር እንሁንና 1.4 እንበል፤ በኪሎ ፓስካል 1400። ከአፈሩ 85፣ ከኤስ ኤን 4 ቱቦ 32፤ ድምር 117። 9.6 ለ117 ሲካፈል 8.2 በመቶ። ወደቀ። ቱቦውን በኤስ ኤን 8 ቀይረህ ዋልካውን ብትተወው 6.4 በመቶ። ገንዘብ አወጣህ፤ አሁንም ወደቀ።

ቱቦውን ሳትነካ በዙሪያው የተፈጨ ጠጠር ብታደርግስ? ጠጠር ተደፍቶ ብቻ ቢተው እንኳ ወደ 6.9 ሜጋ ፓስካል ይሰጥሃል። ከአፈሩ 421፣ ከቱቦው 32፤ ድምር 453። ውጤቱ 2.1 በመቶ። በዚህ ላይ ኤስ ኤን 8 ብታደርገው 2.0 ይሆናል። ልዩነቱን ተመልከተው፤ ለአንድ አሥረኛ ፐርሰንት ነው የቱቦ ዋጋ የምትጨምረው። የገዛኸውን ኤስ ኤን 4 ቅበረው፤ ገንዘቡን ጠጠር ላይ አውለው።

ጠጠሩን ስትሞላ አንድ ነገር ራስህ ቆመህ ተመልከት፦ የቱቦውን ጉያ። ከወገቡ በታች፣ መኝታው ጋር በሚገናኝበት በግራና በቀኝ ያለው ጠባብ ቦታ ማለቴ ነው። ሠራተኛ ከላይ በአካፋ ሲደፋ ጠጠሩ ትከሻውን ይሸፍነዋል፣ ጉያው ባዶ ይቀራል፣ ከላይ ሲያዩት የሞላ ይመስላል። በእንጨት እየወጋጋ ወደ ውስጥ የሚያስገባ ሰው መድብ። ከቱቦው ሥር 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከራሱ በላይ 15 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይኑር፤ ከዚያ በላይ ገረጋንቲ፣ በ15 በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እያጠጣህ በእጅ በሚያዝ መጠቅጠቂያ። ዜሮ አንድ የሚባለው ደቀቅ ያለ ጠጠር ይበቃል፤ ዜሮ ሁለት ለ200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ትልቅ ነው። ጠጠሩን በጂኦቴክስታይል ጨርቅ ጠቅልለው። ካልጠቀለልኸው ዋልካው በክረምት ቀልጦ በጠጠሩ መካከል ይገባል፤ ያሰላንበት 6.9 ከሁለት ክረምት በኋላ አይኖርም።

ውኃውን አትርሳ። በዋልካ ውስጥ በጠጠር የተሞላ ቦይ ማለት ክረምቱን ሙሉ ውኃ የሚያቁር ገንዳ ነው። የእነዋሪ ገበሬ ሰፊ መደብ አውጥቶ ውኃውን በቦይ ካላጠነፈፈ በዚያ አፈር እንደማያመርት ከማንም መሐንዲስ በፊት ያወቀው ነው። ከቦዩ ዝቅተኛ ጫፍ ውኃው የሚወጣበት መንገድ አበጅለት፤ ታንኩ ግድግዳ ሥር እንዲጠራቀም ግን አታድርግ።

ወደ ኮንክሪቱ። ፒቪሲን በኮንክሪት ስትጀቡን ተለጣጭነቱን ገድለህ ግትር ምሰሶ መሬት ውስጥ አጋደምህ ማለት ነው። ዋልካ በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል፤ ያንን ምሰሶ አንዱን ጫፍ አንሥቶ ሌላውን ይጥለዋል። ብረት የሌለው የኮንክሪት ሽፋን ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ቱቦውን ይዞት ይሰነጠቃል። የግድ ነው ከተባልህ በየቱቦው መጋጠሚያ ላይ ኮንክሪቱን በሚጨመቅ ሰሌዳ አቋርጠው፤ እዚያ ላይ መታጠፍ ይችል። እኔ ግን ከምትጀቡነው ከላይ ሰሌዳ ብታለብሰው እመርጣለሁ፦ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ፣ ከቦዩ ግራና ቀኝ 30 ሴንቲ ሜትር እያለፈ ባልተቆፈረ መሬት ላይ በገረጋንቲ ምንጣፍ የሚያርፍ። ቱቦውንና ሰሌዳውን አታነካካቸው፤ በመካከላቸው ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ይኑር። ሰሌዳው ጭነቱን ከቦዩ ውጭ ያወርዳል።

ሰሌዳ ከመሥራትህ በፊት ግን አንድ ጥያቄ፦ ሲኖትራኩ እስከ መቼ ነው የሚመጣው? ቤቶቹ እስኪያልቁ። ታዲያ በዚያ መግቢያ ላይ 40 ሴንቲ ሜትር የገረጋንቲ ጉብታ ሠርተህ፣ ግራና ቀኝ አስረዝመህ አለስልሰህ፣ መኪናው በዚያ ላይ ይመላለስ። ሽፋንህ ለጊዜው 1 ሜትር ሆነ። ጭነቱ ከ80 ወደ 37 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። ሥራው ሲያልቅ ጉብታውን ዝቅ አድርገህ ለኮብልስቶኑ መሠረት ትጠቀምበታለህ። ከሲሚንቶ በፊት አፈር ማሰብ ይልመድብን።

---

አራተኛ ዓመት ሲቪል

ኢንጂነር፣ ስላብራሩልን እናመሰግናለን። እኛ በክፍል የተማርነው በቡሲኔስክ ቀመር ነው፤ መሬት ላይ ያረፈ ጭነት ወደ ታች የሚያደርሰው ግፊት የሚሰላበት። በእሱ ስሠራው በ60 ሴንቲ ሜትር 0.477 × 72.5 ÷ 0.36 = 96 ኪሎ ፓስካል መጣልኝ፤ የእርስዎ 64 ነው። ከምት ጭማሪው በፊት ማለቴ ነው። የትኛውን ልመን? በተጨማሪም የአፈሩን ጭነት ሲያሰሉ የማርስተንን ቀመር ለምን አልተጠቀሙም? የቦዩ ግድግዳ የተወሰነውን ይሸከማል ተብለን ነበር።

---

ዋልካ መርማሪ

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ አሰላልህም ልክ ነው። ቡሲኔስክ በ1885 ያሰበው ጭነቱ በአንዲት ነጥብ ላይ ሲያርፍ ነው። ጎማ ግን ነጥብ አይደለም። ግማሽ ሜትር ስፋት ያለው ጎማ በ60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ሆነህ ሲታይ ገና ሰፊ ነው፤ ስለዚህ ቀመሩ ከእውነቱ አስበልጦ ይነግርሃል። ጠለቅ ስትል ልዩነቱ ይጠፋል። በ1.2 ሜትር ሥራው፤ 24 ይመጣልሃል። በእኔ መንገድም አክስሉን በሙሉ ወስደህ 3.69 በ1.63 ሜትር ላይ ስትዘረጋው 24 ነው። ጥልቀት በሌለበት ቦታ ጎማውን በስፋቱ ውሰድ፤ በቡሲኔስክ ከሠራህም ደኅንነቱ ወደተጠበቀው በኩል ስለሚያመዝን ማንም አይከስህም።

ማርስተን በ1913 ለግትር ቱቦ በጠባብ ቦይ የሠራው ትልቅ ሥራ ነው። እዚህ ግን ጥቅሙ ምን ያህል እንደሆነ እይ፦ ሽፋን 60፣ የቦይ ስፋት 60፣ የግድግዳው ሰበቃ ቁጥር ለሸክላ 0.13። ኮፊሸንቱ 0.88 ይወጣል። 10.8 የነበረው 9.5 ሆነ። መኪናው 80 በሚያወርድበት ቦታ ስለ 1.3 ኪሎ ፓስካል ቀለም አላባክንም። 4 ሜትር ጥልቀት፣ 80 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቦይ ብትሠራው ግን 72 የነበረው ወደ 40 ይወርዳል፤ ያኔ ማርስተንን አክብረው። ያም ሆኖ በዋልካ ውስጥ ያንን ሰበቃ አላምነውም። በበጋ ከግድግዳው ተላቅቆ ስንጥቅ የሚፈጥር አፈር በምኑ ነው የሚይዝልህ?

በግትር ቱቦ የምትሠሩ ካላችሁ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ውጫዊ ስፋቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሲሚንቶ ቱቦ በዚሁ 60 ሴንቲ ሜትር ሽፋን፣ በ80 ሴንቲ ሜትር ቦይ ውስጥ ቢሆን ከመኪናው 80 × 0.4 = 32፣ ከአፈሩ 8፤ በሜትር 40 ኪሎ ኒውተን ይደርሰዋል። ይህን ለመኝታው ቁጥር ታካፍላለህ፦ በጠጠር መኝታ ላይ በሚገባ ከተቀመጠ 1.9፣ በባዶ መሬት ላይ ከተጣለ 1.1። ከዚያ በ1.5 የደኅንነት ቁጥር ታባዛለህ። በጠጠር ላይ 32 ኪሎ ኒውተን በሜትር የሚችል ቱቦ ይበቃሃል፤ በባዶ መሬት ላይ 55 ያስፈልግሃል። ያው ቱቦ፣ ያው መኪና።

---

መንዜዋ

ስሌቱ ላይ የምጨምረው የለኝም፤ የተቀበረ መስመር ሲደፈን የምጠራ ሰው ስለሆንሁ ከዚያ በኩል አንድ ቃል ልበል። ጋሽ ዋልካ፣ እርስዎ ካሉት ውስጥ የቀረ ያገኘሁት ዳገትና ቁልቁለቱን ነው። 1 በመቶ ለምን የግድ ይሆናል? ለ200 ሚሊ ሜትር ቱቦ 0.5 በመቶ ቢሆን ሲሞላ በሰከንድ 0.7 ሜትር ይሮጣል፤ ራሱን ለማጠብ በቂ ይባላል። ከታንኩ እስከ መግቢያው 20 ሜትር ከሆነ 10 ሴንቲ ሜትር ሽፋን በነጻ ታገኛላችሁ።

ይህን ብዬ ግን እኔው ልቃወመው። ሃያ አራት ቤት ያንን ቱቦ መቼም አይሞላውም። ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይወርዳል፣ ቀኑን ሙሉ ጭል ጭል ይላል። ዝግ ባለ መስመር ላይ ጨርቅና ቅባት ይቀመጣል፤ በደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ቅባት ለመርጋት ጊዜ አይፈጅበትም። ስለዚህ ተዳፋቱን ከቀነሳችሁ ከመግቢያው በላይ በኩል የመጥረጊያ ማንሆል አስቀምጡ፤ ሽቦ የማስገባበት ቦታ ይኑረኝ። ማንሆሉን ራሱን መኪና መንገዱ ላይ እንዳታደርጉት አደራ። ክዳኑን የሚሰብረው የመጀመሪያው ቦቴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ድንጋይም ቆሻሻም የሚገባው በዚያ ነው።

---

ጠባሴ ማዶ

እጅግ አመሰግናለሁ፤ ከጠበቅሁት በላይ ነው። ጋሽ ዋልካ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሲኖትራኮቹ ወረቀት ላይ ከተጻፈው በላይ እንደሚጭኑ እናውቃለን። ጎማው 72.5 ሳይሆን 100 ኪሎ ኒውተን ቢያወርድስ? ሁለተኛ፣ ጠጠሩን በ60 ሴንቲ ሜትር ቦይ ውስጥ ሳደርግ ግድግዳው ያው ለስላሳ ዋልካ ነው። ጠጠሩ ቱቦውን ሲይዝ ጠጠሩን ማን ይይዘዋል?

---

ዋልካ መርማሪ

ሁለተኛው ጥያቄህ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ አብረን እንመልሳቸው።

ጠጠሩ በክረምት የራሰውን ግድግዳ ገፍቶ ትንሽ ይሸሻል። የአገሬው አፈር ደካማ፣ ቦዩ ጠባብ ሲሆን ከሰንጠረዡ የወሰድነውን ሞዱለስ መቀነስ ግድ ነው። ግማሹን ውሰድ፤ 3.5 ሜጋ ፓስካል። ታቹ 213 ሲደመር 32፣ 245 ይሆናል። በመደበኛው ጎማ 9.6 ለ245፣ 3.9 በመቶ፤ ያልፋል። በ100 ኪሎ ኒውተኑ ጎማ የመኪናው ግፊት 111 ይሆናል፤ ከአፈሩ ጋር ላዩ 12.7፣ ውጤቱ 5.2 በመቶ። ጠርዙን አለፈ።

አሁን የመንዜዋን 10 ሴንቲ ሜትር አስገባ። ሽፋኑ 70 ሲሆን ያው 100 ኪሎ ኒውተን ጎማ የሚያወርደው 89 ነው። አፈሩ በጥቂቱ ከብዶም ላዩ 10.8፣ ውጤቱ 4.4 በመቶ። ተመልሶ ገባ። ስለ ቅባቱ እሷ ያለችውን እኔ አልከራከርም፤ ሽቦ የምታስገባው እሷ ናት። እኔ ብሆን 0.5 በመቶውን ወስጄ ማንሆሏን እሠራላት ነበር። አንተ ተዳፋቱን አልነካም ካልህ ግን መግቢያው ሥር ባለው ርዝመት ብቻ ቦዩን ከ60 ወደ 90 ሴንቲ ሜትር አስፋው። ጠጠሩ በሰፋ ቁጥር የግድግዳው ድካም ቱቦው ዘንድ አይደርስም። ለስድስት ሰባት ሜትር የሚጨምርብህ የጠጠር ዋጋ ከአርማታ ሰሌዳው ጋር አይወዳደርም።

ጉብታውን ከሠራህ ደግሞ ከልክ በላይ የጫነው መኪና የሚያልፈው በ1 ሜትር ሽፋን ላይ ነው፤ ያኔ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለም። ቋሚው እንግዳህ ቦቴው ብቻ ነው የሚሆነው። ጉብታው እንዳይዘነጋ ግን ቱቦው ከመቀበሩ በፊት ገረጋንቲው ሳይት ላይ ተራግፎ ይጠብቅ። ቱቦ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በተቀበረ በማግሥቱ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር አፈር ለብሶ ሳለ ገልባጩ «አንዴ ብቻ ልለፍ» ይላል። በዚያ ጥልቀት 184 እንደሆነ ነግሬሃለሁ። ሮለርም እንዲሁ፤ ንዝረቱን ሳያጠፋ በላዩ እንዳይወጣ።

---

የጣርማበር ልጅ

እሺ፣ ተረታሁ አልልም፤ ግን አንድ ልጠይቅ። እኛ አለት ላይ ጠጠር የለንም፤ ቱቦውን ቀጥታ አለቱ ላይ አስቀምጠን ነው የምንጀቡነው። ይህስ?

---

ዋልካ መርማሪ

ጀቡን፤ እዚያ አልከለክልህም። ግን ከመጀቦንህ በፊት ቱቦው የአለት ጥርስ እንዳይነካው አንሣው። ከሥሩ 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አሸዋ ወይም ኮንክሪቱ ራሱ ይግባ። አንዲት ሹል ድንጋይ በአንዲት ነጥብ ከነካችው ከላይ ያሰላኸው ግፊት ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይሰበሰባል።

---

ጠባሴ ማዶ

ሰብሳቢውን በቁጥሩ አሳምኛቸዋለሁ፤ 8.2 እና 2.1ን ጎን ለጎን ጽፌ ሳሳያቸው «ታዲያ ጠጠሩን ከነገ ጀምሮ አስመጣ» አሉ። ተዳፋቱን 0.5 አደርጋለሁ፤ ማንሆሏም ከመንገዱ ወጣ ብላ ትሠራለች። የመጨረሻ ጥያቄ፦ ተቀብሮ ካለቀ በኋላ አለመጠፍጠፉን በምን አረጋግጣለሁ? ካሜራ የለንም።

---

ዋልካ መርማሪ

ካሜራ አያስፈልግህም። የኤስ ኤን 4 ባለ 200 ሚሊ ሜትር ቱቦ ግድግዳ 4.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውስጡ ስፋት 190 ሆነ። ከዚያ 5 በመቶ ቀንስ፤ 180 ሚሊ ሜትር። አናጢህ በዚያ ልክ ድቡልቡል እንጨት ይጠርብልህ፤ ርዝመቱ ከስፋቱ አይነስ፤ ጠርዙ ይለስልስ፤ ከፊትም ከኋላም ገመድ ይታሰርበት። አንዱ ሰው ከመጥረጊያው ማንሆል፣ ሌላው ከታንኩ መግቢያ ሆነው በእጅ ብቻ ይጎትቱት። ካለፈ ደኅና ነው። ከቆመ ገመዱን ለካና የት እንደቆመ ምልክት አድርግ፤ እዚያ ላይ ጉያው አልተሞላም ማለት ነው። ይህን ሙሌቱ ካለቀ ከአንድ ወር በኋላ አድርገው፤ አፈሩ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ጠብቅ። ኮብልስቶኑ የሚነጠፈው እንጨቱ ካለፈ በኋላ ነው።